በጎመን መደብ ላይ የወደቀችው ሮኬት

ማርች 16 ቀን 1926፤ ቦታው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኦበርን በምትባል የገጠር ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ መሬቱ በረዶ እንደ ለበሰ ነው። በአንድ የእርሻ ማሳ ላይ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ቆመዋል። ከፊታቸው ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ፣ መሰላል ነው እንዳይሉት መረገጫ የሌለው፣ አልጋ ነው እንዳይሉት የተገተረ፣ ግራ የሚያጋባ ነገር ተተክሏል። መንገደኛ ቢያልፍ ኖሮ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ሳይል አይቀርም።

ከሦስቱ ወንዶች አንዱ፣ ሄንሪ ሳክስ የተባለው መካኒክ፣ ጫፉ ላይ እሳት የሚነድበት ረጅም ዘንግ ይዞ ቀረበና የዚያን ነገር አናት ለኮሰ። ነገርየው እየጮኸ እሳት ይተፋ ጀመር፤ ግን ንቅንቅ አላለም። ጥቂት ሰኮንዶች አለፉ። ሴትዮዋ በፊልም ካሜራ እያነሣች ነበር፤ የካሜራዋ ሞላ ለ7 ሰኮንድ ያህል ብቻ የሚሠራ ስለ ነበረ ዋናው ነገር ከመድረሱ በፊት ቀጥ አለባት። ነገርየው ነዳጁ እየተቃጠለ ክብደቱ ሲቀንስለት ከቆመበት ተነሥቶ ሽቅብ የወጣው ይሄኔ ነው። 12 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አለ፤ ታጠፈ፤ 56 ሜትር ያህል ርቆ ሄዶ በረዶ በለበሰ የጎመን መደብ ላይ ተከሰከሰ። ከተነሣበት እስከ ወደቀበት ሁለት ሰኮንድ ተኩል ነው። በቃ፤ አለቀ።

12 ሜትር ተኩል ማለት የአንድ ባለ አራት ፎቅ ቤት ቁመት ቢሆን ነው። የኛ አገር እረኛ በወንጭፍ ከዚያ አስበልጦ ይወረውራል። ቢሆንም ያቺ ሁለት ሰኮንድ ተኩል፣ በፈሳሽ ነዳጅ የምትሠራ ሮኬት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችባት ናት። ከዚያ የጎመን መደብ ተነሥቶ ጨረቃ ላይ ለመድረስ የሰው ልጅ የፈጀበት 43 ዓመት ብቻ ነው።

የሠሪውን ስም፣ ሮበርት ጎዳርድን፣ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ሲነገረን ግን የሚነገረን ድሉ ነው። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት በዚያች ሮኬት አሠራር ውስጥ ስለ ነበረ አንድ ስሕተትና፣ ያ ስሕተት ከዚያ በኋላ ስለ ዞረበት አገር ነው። ለምን ስሕተቱን መረጥህ የሚለኝ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ጎዳርድ በ1882 በማሳቹሴትስ፣ ዉስተር በምትባል ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ በሽታ የሚያጠቃው፣ ከትምህርት ገበታ እየቀረ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ነበር። 17 ዓመት ሲሆነው፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1899፣ የአንድ ቼሪ ዛፍ ደረቅ ቅርንጫፍ ሊመለምል ወጥቶ ሳለ፣ ወደ ማርስ የሚያደርስ መሣሪያ ቢሠራ እንዴት ይሆናል የሚል ሐሳብ ውልብ አለበት። ሲወርድ የወጣው ልጅ እንዳልነበረ ራሱ ጽፎታል። ያቺን ቀን ዕድሜ ልኩን በየዓመቱ ያስታውሳት ነበር። ሰው የልደት ቀኑን እንደሚያከብር እሱ ዛፍ የወጣበትን ቀን ያከብራል ማለት ነው።

ሐሳብ ግን ብቻውን አያበርርም። ጎዳርድ ፊዚክስ አጠና፤ በ1911 ከክላርክ ዩኒቨርስቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ፤ በኋላም እዚያው አስተማሪ ሆነ። በዚያ ዘመን የነበረው ሮኬት በባሩድ የሚሠራው ርችት ነው። ጎዳርድ ለካው። ባሩዱ ውስጥ ካለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው በጭስና በሙቀት ይባክናል። ከዚያም ደ ላቫል የተባለ የስዊድን መሐንዲስ ለእንፋሎት ሞተር ያወጣውን አፈ ጠባብ መተንፈሻ (መጀመሪያ እየጠበበ ሄዶ ኋላ እየሰፋ የሚወጣውን) ለሮኬት ቢያውለው ውጤቱ ከመቶ 60 እጅ በላይ ወጣ። እንደዚሁም ሮኬት አየር በሌለበት ቦታ ጭምር እንደሚገፋ፣ አየሩ በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ እየተኮሰ አረጋገጠ። በ1917 ስሚዞኒያን የተባለው ተቋም 5,000 ዶላር ረዳው።

ይህን ሁሉ የያዘው ጽሑፉ በ1920 መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ ወጣ። በመጨረሻ ገጾቹ፣ በቂ ጉልበት ያለው ሮኬት ቢገኝ ወደ ጨረቃ ባሩድ ልኮ ብልጭታውን ከምድር በመነጽር ማየት ይቻላል የሚል ስሌት ነበረበት። ጋዜጠኞች የያዙት ይህችኑ ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1920 ኒውዮርክ ታይምስ በርእሰ አንቀጹ፣ ይህ ፕሮፌሰር ሮኬት የሚገፋው አየር በሌለበት መሄድ እንደማይችል እንኳ አያውቅም፤ ሃይስኩል የሚማር ልጅ የሚያውቀውን ያልተማረ ነው ብሎ ተሳለቀበት። አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ስንት ጊዜ ተኩሶ ያየ ሰው ነው እንግዲህ እንዲህ የሚባለው!

ጎዳርድ ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ የሚያይ፣ ሥራውን የሚሸሽግ ሰው ሆነ። ተላግጦበታልና አይፈረድበትም። ይህንን ግን በልባችን እንያዝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

በ1921 ባሩዱን ትቶ ወደ ፈሳሽ ነዳጅ ዞረ። ነዳጁ ቤንዚን፣ ማቃጠያው ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ጉድ ስለሆነ የነካው ቆዳ ይላጣል፤ ዘይት ካገኘም ይፈነዳል። ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚጠነቀቁትን ነገር ጎዳርድና አንድ ሁለት መካኒኮች በዩኒቨርስቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ በእጃቸው ይቀዱት ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ፣ በዲሴምበር 1925፣ ሞተሩ በታሰረበት የራሱን ክብደት ማንሣት ቻለ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ወደ ሜዳ መውጣት ነው።

ሜዳው የሩቅ ዘመዱ፣ እሱ አክስቴ የሚላቸው የኤፊ ዋርድ እርሻ ነው። በዚያች ዕለት የነበሩት አራቱ ሰዎች ጎዳርድ፣ ሚስቱ ኤስተር (ካሜራ የያዘችው)፣ መካኒኩ ሳክስና የፊዚክስ አስተማሪው ፐርሲ ሩፕ ናቸው። ጋዜጠኛ የለም፤ ባለሥልጣን የለም፤ ጭብጨባም የለም።

አሁን ሮኬቷን ቀረብ ብለን እንያት። ባዶዋን 3 ኪሎ አትሞላም፤ ተሞልታ 5 ኪሎ አትደርስም። ዛሬ ሮኬት ሣሉ ብንባል ሁላችንም ሞተሩን ከግርጌ፣ ሹሉን ከላይ እናደርገዋለን። የጎዳርድ ተገልብጣለች። ሞተሩ አናቷ ላይ ነው። ታኒካ የሚመስሉት የቤንዚንና የኦክስጅን ማጠራቀሚያዎች ከታች ናቸው። በመካከል ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። እነሱም ነዳጁንና ኦክስጅኑን ወደ ላይ ያደርሳሉ፣ ራሳቸውም የሮኬቷ አጽም ናቸው። እሳቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚተፋ ማጠራቀሚያዎቹን እንዳያቃጥል እሳት የማይበላው አስቤስቶስ የለበሰ ቆብ ደፍቶላቸዋል።

ለምን እንዲህ አደረጋት? ሐሳቡ ለዓይን በጣም ደስ የሚል ነው። በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ፣ ማለትም ፔንዱለም፣ ቢገፉት ተወዛውዞ ተመልሶ ቀጥ ይላል። እንግዲህ ጉልበቱ ከላይ ሆኖ ቢጎትት፣ ከባዱ ነገር ከታች ቢንጠለጠል፣ ሮኬቷ ስታጋድል ክብደቷ መልሶ ያቃናታል። ከታች ሆኖ መግፋት ግን እንጨትን በጣት ጫፍ ላይ አቁሞ እንደ መሄድ ነው፤ ይወድቃል። እውነቱን እንነጋገርና፣ ከመካከላችን ይህን ሰምቶ «ልክ ነው» የማይል ማነው? እኔ መጀመሪያ ሳነብ ብያለሁ።

ነገር ግን ልክ አይደለም። ፔንዱለሙን የሚያቃናው፣ ገመዱ የታሰረበት ሚስማር ግድግዳው ላይ መመታቱ ነው። ድንጋዩ ቢወዛወዝ ሚስማሩ ከቦታው አይነቃነቅም። የሮኬቷ ሞተር ግን የትም ግድግዳ ላይ አልተመታም፤ የተመታው ራሷ ሮኬቷ ላይ ነው። እሷ አምስት ዲግሪ ብታጋድል ሞተሩም አብሯት አምስት ዲግሪ ያጋድላል፤ ግፊቱም በዚያው ባጋደለበት አቅጣጫ ይሆናል። የመሬት ስበትም ቢሆን የላዩንም የታቹንም አካል እንደየክብደቱ እኩል ስለሚስብ፣ በአየር ላይ ያለን ነገር አዙሮ አያቀናም።

በጋሪ ልመስለው። ጋሪን ፈረስ ሲጎትተው ቀጥ ብሎ የሚሄደው ፈረሱ በገዛ እግሩ መሬት ረግጦ አቅጣጫ ስለሚመርጥ ነው። ፈረሱን ከጋሪው ጋር እንዳይታጠፍ አድርገን በብረት ብንበይደው፣ ዓይኑንም ብንሸፍነው፣ ከፊት ሆኖ ቢጎትት ከኋላ ሆኖ ቢገፋ ምን ልዩነት አለው? ጋሪው በዞረበት ይዞራል። ሞተርን ከፊት ማድረግ ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም የለም ማለት ነው። ይህ ስሕተት እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ በሮኬት ትምህርት ውስጥ የራሱ ስም አለው፤ የፔንዱለም ስሕተት ይሉታል።

ታዲያ ሮኬትን ምን ያቃናዋል? ይህን የጥንት ቀስተኛ ያውቀዋል። ፍላጻ ጫፉ ላይ ብረት፣ ጭራው ላይ ላባ አለው። ክብደቱ ወደ ፊት፣ አየሩን የሚይዘው ወደ ኋላ። ሲያጋድል አየሩ ላባውን እየገፋ ይመልሰዋል። የርችት ሮኬት ረጅም እንጨት ከኋላው የሚጎትተውም ለዚሁ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ወጣቶች ከካርቶን ጥቅልልና ከቀላል እንጨት የሚሠሯቸው ትንንሽ የሞዴል ሮኬቶች በዚሁ ሕግ ይበራሉ። ያልተለመደ ቅርጽ ያለው ሮኬት የሠራ ልጅ ከመተኮሱ በፊት የሚያደርጋት አንዲት ፈተና አለች። ሞተሩ ገብቶበት ሳለ ሮኬቱ ሚዛን የሚይዝበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ ገመድ ያስርና በራሱ ዙሪያ ያሽከረክረዋል። አፍንጫው ወደ ፊት ሆኖ ከዞረ ይበራል። ዞሮ በጭራው ከመጣ፣ ወይ አፍንጫው ላይ ክብደት ይጨምራል ወይ ክንፉን ያሰፋል። የአንድ ሜትር ተኩል ገመድ የሚነግረውን ነገር፣ ያን ጊዜ ለጎዳርድ የነገረው ማንም አልነበረም።

ያም ሆኖ የሰውየው ትልቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የማርቿ ሮኬት ታጥፋ ስትወድቅ አየ፤ አሰበ፤ ሐሳቡን ጣለ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሜይ 1926፣ ሞተሯ ከታች የሆነ አዲስ ሮኬት አቆመ። ያቺኛዋ ጉልበት አንሷት ከመሬት አልተነሣችም። እስከ ዛሬ ግን በዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ አለች፤ በዓለም ላይ ካሉት የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬቶች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናት። የበረረችዋ ጠፍታ ያልበረረችዋ ሙዚየም መግባቷ አይገርምም?

እንግዲህ ስሕተቱ ተሠራ፤ ስሕተቱ ታወቀ፤ ስሕተቱ ታረመ። ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ። የሚያሳዝነው ክፍል የሚመጣው አሁን ነው፤ ጎዳርድ ለሕዝብ ምንም አልተናገረም። ገንዘብ ለሰጠው ተቋም በደብዳቤ ገለጸ፤ ለዓለም ግን ዝም። የበረረችውንም፣ የታጠፈችውንም፣ ሞተሩ ለምን ከላይ እንደ ነበረና ለምን እንደ ወረደም አልጻፈም። በ1929 በዚያው እርሻ ላይ ሌላ ሮኬት ሲተኩስ ድምፁን የሰማው ጎረቤት አውሮፕላን ወደቀ ብሎ ፖሊስ ጠራ። የአካባቢው ጋዜጣም ወደ ጨረቃ ስትሄድ 238 ሺህ ማይል ምናምን ሲቀራት ሳተች እያለ አሾፈበት። ከዚያ ወዲህ ይበልጡን ዘጋው። በ1930 ባለጸጋው ዳንኤል ጉገንሃይም በሰጠው ገንዘብ ኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ ሮዝዌል ወደምትባል ከተማ ሄደ።

እስኪ አሁን ውቅያኖሱን ተሻግረን በዚያው በ1930 በርሊን እንግባ። በከተማዋ ዳርቻ የተተወ የጥይት መጋዘን ነበር። የጠፈር ጉዞ ማኅበር የሚባል የአማተሮች ስብስብ ያንን ቦታ ተከራይቶ «የሮኬት አየር ማረፊያ» አለው። ዘመኑ የሥራ አጥነት ስለ ነበር አባሎቹ ብዙዎቹ ሥራ ፈት መሐንዲሶችና የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ የ18 ዓመት ተማሪ አለ፤ ስሙ ቨርነር ፎን ብራውን ይባላል። ገንዘብ የላቸውም፤ ቁሳቁሱን በልመና ያገኙታል። የሚሠሩት በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክስጅን ነው። የመጀመሪያዋን ትንሽ ሮኬታቸውን ሚራክ አሏት። ሞተሯ የት ይመስላችኋል? አናቷ ላይ። በ1930 ፈነዳች። ቀጥላ የመጣችውን ሪፐልሰር አሏት፤ ስሙን የወሰዱት ከማርስ ሰዎች ታሪክ ከጻፈው ከጀርመናዊው ኩርድ ላስቪትስ ልብወለድ ነው። በሜይ 1931 በረረች። የሷስ ሞተር? አሁንም አናቷ ላይ፤ ማጠራቀሚያዎቹ ከኋላዋ እየተጎተቱ። ጎዳርድ ከአምስት ዓመት በፊት የጣለውን ሐሳብ እነዚህ ልጆች አንሥተው ተሸከሙት። ያን ሐሳብ የጣለ ሰው እንዳለ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረምና።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በዚያው በ1931 ኤድዋርድ ፔንድሬይ የተባለ አሜሪካዊ በርሊን ሄዶ የነዚህን ሰዎች ሥራ ጎበኘ። እሱና ባልንጀሮቹ ኒውዮርክ ላይ የሮኬት ማኅበር አቋቁመው ነበር። ተመልሶም ባየው መሠረት ሮኬት ሠሩ። ሞተሩን የት አደረጉት? እንደ ጀርመኖቹ ከአናት። ሁለተኛዋ ሮኬታቸው በሜይ 1933 ከኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ተተኩሳ 76 ሜትር ያህል ከወጣች በኋላ የኦክስጅን ማጠራቀሚያዋ ፈነዳ።

አስቡት እንግዲህ። ማሳቹሴትስ ላይ የሞተ ሐሳብ፣ በርሊን ላይ እንደ አዲስ ተወልዶ፣ በመርከብ ተመልሶ ኒውዮርክ ገባ። ከኒውዮርክ እስከዚያ የጎመን መደብ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሰዎቹ አትላንቲክን ተሻግረው የተማሩት ነገር እቤታቸው ደጃፍ ላይ መልስ አግኝቶ ተቀምጦ ነበር፤ መልሱ ግን የአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ ነው። ጎዳርድ ስለ ማርች 1926 በረራ ለሕዝብ ያሳተመው በማርች 1936 ነው። ልክ አሥር ዓመት!

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር ስከራከርም ተነሥቷል። «ጎዳርድ ቢናገር ኖሮ የሚጠቀመው ማን ነበር? ያ የ18 ዓመት ተማሪ አይደለም ወይ ኋላ ለሂትለር ቪ-2ን የሠራው?» ይላሉ። እውነት ነው። በ1932 ፎን ብራውን ወደ ጦር ሠራዊቱ ሄደ፤ ከሴፕቴምበር 1944 ጀምሮ ቪ-2 በለንደንና በሌሎች ከተሞች ላይ ወረደ። ሮኬቱን ከመሬት በታች ባለ ፋብሪካ በባርነት የሠሩት የማጎሪያ ካምፕ እስረኞችም በብዙ ሺህ አለቁ። ይህን አቃልዬ አላልፍም። ነገር ግን የጎዳርድ ዝምታ ቪ-2ን አስቀርቷል ወይ? አላስቀረም። ጦር ሠራዊት ገንዘብ አለው፤ አሥር ጊዜ ሠርቶ አሥር ጊዜ ያፈርሳል፤ ስሕተት ቢደግም አይጎዳም። ዝምታው የጎዳው ገንዘብ የሌላቸውን ነው፤ ቁሳቁስ የለመኑትን፣ ቅዳሜና እሑድ የሠሩትን። ደግሞም ጎዳርድን ራሱን ጎድቶታል። ሮዝዌል ላይ በ1932 በጋይሮስኮፕ የሚመራ መሪ ሞከረ፤ በ1935 በዚያው ዘዴ የተመራች ሮኬቱ 1,400 ሜትር ገደማ ወጣች። ሮኬትን በእውነት የሚያቃናውን መንገድ ከብዙዎች ቀድሞ አገኘ ማለት ነው። ግን በጥቂት ረዳቶች ብቻ፣ ከሌሎች ምሁራን ጋር ሳይመካከር ስለ ሠራ፣ ከፍታው ከ3 ኪሎ ሜትር ሳይዘልቅ በ1945 ሞተ። ከፓተንቶቹ መካከል አብዛኞቹ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ኤስተር ተሟግታ ያወጣችለት ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሕተቱን በአደባባይ ያረመ አንድ ወገን አለ፤ እሱም ያ የተሳለቀው ጋዜጣ ነው። አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በተነሣ ማግስት፣ ጁላይ 17 ቀን 1969፣ ኒውዮርክ ታይምስ አጭር እርማት አወጣ፤ ሮኬት አየር በሌለበት እንደሚሠራ አሁን ተረጋግጧል፤ ጋዜጣው በስሕተቱ ይጸጸታል የሚል። 49 ዓመት ቆይቶ! የተሰደበው ሰው ከሞተ 24 ዓመት ሆኖታል። እርማቱን ያነበበ ሁሉ ስቋል፤ እኔም ስቄአለሁ። ስስቅ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ጋዜጣው ሊያርመው የቻለው ስሕተቱ ታትሞ ስለ ነበረ ነው። ሣጥን ውስጥ ያለ ስሕተት ማን ያርመዋል?

አሁን ለምን ስሕተቱን መረጥህ ላለኝ መልስ ልስጥ። አንደኛ ዓመት ሳለሁ የፊዚክስ ላብ ላይ የመሬት ስበትን በፔንዱለም ለኩ ተባልን። አዎን፣ ያው ፔንዱለም። ገመዱን ለካሁ፤ 50 ሳንቲ ሜትር። ውዝዋዜውን በሰዓት ቆጠርሁ። ስሌቱን ስሠራ 9.4 ወጣ። መጽሐፉ 9.8 ይላል። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? እናንተም የምታደርጉትን ነዋ! ሰዓቱን አስተካከልሁ፤ ላጲስ አነሣሁ፤ 9.8 ጻፍሁ፤ ጥሩ ማርክ አገኘሁ። በማግስቱ ዓመት ደብተሬን ለአንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ አዋስሁት። መጥቶ «ወንድም፣ የኔ ለምን 9.4 ይመጣል?» አለኝ። «9.8 ብለህ ጻፍ፤ ማን ያይሃል» አልሁት።

ዘንድሮ ስለ ጎዳርድ ሳነብ ያ ልጅ ትዝ አለኝና ተቀምጬ አሰብሁበት። መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ገመዱን የለካሁት እስከ ቋጠሮው ነው፤ መለካት የነበረብኝ ግን እስከ ጥይቱ መካከል ነበር። 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎድሎብኛል። 52ን 50 ካሉት 9.4 መምጣቱ ግድ ነው። ልጁም ያንኑ ሳይሠራ አልቀረም፤ ደብተሬ ላይ «50 ሳንቲ ሜትር» የሚል አይቷላ! ከዚያም በላይ፣ እንዲህ እንደኛ ከባሕር ወለል ከፍ ባለ፣ ለምድር ወገብም በቀረበ አገር እውነተኛው ቁጥር ከ9.8 ጥቂት ያንሳል። እኛ በላጲስ የምንጽፈው 9.8 የራሳችን ምድር ቁጥር እንኳ አይደለም። 9.4ን ሳላጠፋ ትቼው ቢሆን፣ አንድ አስተማሪ ወይም አንድ ጎበዝ ጓደኛ አይቶ «እስከ የት ለካህ?» ይለኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ። እኔ ግን የጥያቄውን በር በላጲስ ዘጋሁት፤ ለሚቀጥለውም ልጅ ላጲሱን አቀበልሁት።

ጎዳርድን ከራሴ ጋር ማስተያየቴ አይደለም። እሱ ስሕተቱን ከራሱ አልሸሸገም፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ከእሱም ተማረ። የሸሸገው ከሌሎች ነው፤ ለዚያውም የተሳለቁበት ሰዎች ገፋፍተውት ነው። እኛ ግን ከራሳችንም እንሸሽጋለን። ደግሞስ የሚሳለቀው ማነው? እርስ በርሳችን አይደለንም? ክፍል ውስጥ አንዱ ተሳስቶ ሲናገር ከኋላ የሚነሣውን ሳቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ሳቅ ስንቱን መልስ ሣጥን ውስጥ እንዳስቆለፈ ማን ቆጠረው?

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ላብ ደብተራችን ላይ የተሳሳተውን ቁጥር በላጲስ ከማጥፋት አንድ መስመር ብቻ እናስምርበት፤ ከሥሩም ለምን እንደ ሰረዝነው እንጻፍ። ለታናሾቻችን ደብተር ስናውስ ከነስርዙ እናውስ። ያን የአንደኛ ዓመት ልጅ (አሁን ሁለተኛ ዓመት ገብቷል) ባለፈው ሳምንት ካፌ አገኘሁትና ስለ ቋጠሮው ነገርሁት። ትንሽ ዝም አለና «እኔም እኮ ደብተሬን ለሌላ ልጅ ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። አብረን ልጁን ልንፈልግ ሄድን።